ከአፕዴት በኋላ ላፕቶፕ ስሊፕ አላደርግም ወይም አልነቃም ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማታ አፕዴት ሲያደርግ ያደረ ላፕቶፕ ጠዋት ክዳኑ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ብቻ ያሳያል። ሌላው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ እንደ ምጣድ ግሎ ይገኛል። የሌላው ደግሞ ሃይበርኔት የሚለው ምርጫ ከሜኑው ጠፍቷል። ሰው ሁሉንም «ስሊፑ ተበላሸ» ይላቸዋል እንጂ ምክንያታቸው አንድ አይደለም። አብዛኞቹ ፎርማት ሳይደረጉ ይስተካከላሉ። ከታች ያለው ዊንዶውስ 10 እና 11 ለጫኑ ላፕቶፖች ነው።

ስለ ትዕዛዞቹ፦ ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብለው ይጻፉ፣ የሚመጣውን ጥቁር አዶ በቀኝ ክሊክ ነክተው «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ይበሉ። እዚህ ፓወርሲኤፍጂ የተባለው ትዕዛዝ በኪቦርድ ሲጻፍ ፓወር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ሲ፣ ኤፍ እና ጂ የሚባሉት ሦስት ፊደላት ሳይነጠሉ ይከተሉታል። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ፣ ቀጥሎ ያጋደለው ሰረዝ።

ስሊፕ፣ ሃይበርኔት እና ሻት ዳውን በምን ይለያያሉ?

ስሊፕ ላይ የተከፈተው ሥራ ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማኅደር) ውስጥ ይቆያል፤ ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ካላገኘ የያዘውን ይረሳል። ስለዚህ ስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ ትንሽም ቢሆን ባትሪ ይበላል፣ ባትሪው ካለቀም ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ሃይበርኔት ግን ራም ላይ ያለውን ወደ ዲስክ ገልብጦ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ለመነሳት ከስሊፕ ይዘገያል፤ ለሳምንት ቢቀመጥም ግን ሥራው ባለበት ይገኛል።

ሻት ዳውን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ከዊንዶውስ 8 (2012 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ሲሉት ፕሮግራሞችዎ ይዘጋሉ፣ የዊንዶውሱ ልብ የሆነው ክፍል ከነድራይቨሮቹ (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያግባቡት ፕሮግራሞች) ግን ሃይበርኔት ይደረጋል። ሁሉንም ከዜሮ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው።

ታዲያ ከአፕዴት በኋላ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሪስታርት። ሻት ዳውን ብሎ መልሶ ማብራት አይተካውም፤ ምክንያቱ ከላይ ያለው ነው። አፕዴቱ ሥራውን ሳይጨርስ ክዳኑ ተዘግቶ ከሆነ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብተው በመጠባበቅ ላይ ያለ ነገር እንዳለ ይዩና ይጨርስ፣ ከዚያ እንደገና ሪስታርት ያድርጉት። ይህን ብቻ አድርገው ከችግሩ የሚገላገሉ ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ የላፕቶፑን ዓይነት ይወቁ። ፓወርሲኤፍጂ /ኤ ብለው ኢንተር ይጫኑ። መልሱ ሁለት ክፍል አለው፤ ከላይ ማሽኑ የሚችላቸው፣ ከታች የማይችላቸው ከነምክንያታቸው። ከላይ «ስታንድባይ ኤስ3» ካለ የቀድሞው ዓይነት ስሊፕ ነው፤ ራም ብቻ ይበራል፣ ሌላው ሁሉ ይጠፋል። «ስታንድባይ ኤስ0 ሎው ፓወር አይድል» ካለ ደግሞ ሞደርን ስታንድባይ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ነው፤ እንደ ስልክ ስክሪኑ ጠፍቶ ውስጡ በዝግታ ይሠራል። ይህን አንድ መስመር ሳያዩ ወደ ሌላ መፍትሔ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው፤ ለኤስ3 የሚሠራው ምክር ለኤስ0 ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ስሊፕ የሚለው ምርጫ ራሱ ከሜኑው ጠፋ። ምን ሆኖ ነው?

ብዙውን ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። ዲቫይስ ማኔጀርን (የማሽኑ ዕቃዎች ዝርዝር) ከፍተው «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ይዘርጉ። ከኢንቴል፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኤንቪዲያ ስም ይልቅ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ አፕዴቱ ትክክለኛውን ድራይቨር አጥቶ መጠባበቂያውን ተክሏል ማለት ነው። መጠባበቂያው ስሊፕን አይደግፍም፤ ፓወርሲኤፍጂ /ኤ ሲሉም ከታችኛው ክፍል ግራፊክስ ስሊፕን እንደከለከለ ይነግርዎታል። የስክሪን ብርሃን መቀነስ መጨመር አለመቻሉም የዚሁ ምልክት ነው።

መፍትሔው ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ቁጥር ድራይቨሩን አውርዶ መጫን ነው። ሞዴሉ ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ተለጥፏል። ፋይሉ ከግማሽ ጊጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል በሞባይል ዳታ ከማውረድ በፊት የፓኬጁን ቀሪ ይመልከቱ። ድራይቨር እናገኝልዎታለን የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞችን ግን አይጫኑ፤ አንዱን ችግር በሦስት ይተኩታል።

ሃይበርኔት ጠፋ። እንዴት ይመለሳል?

1. ፓወርሲኤፍጂ /ኤች ኦን ብለው ኢንተር ይጫኑ።
2. ኮንትሮል ፓናል → ፓወር ኦፕሽንስ → «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር ባተንስ ዱ» ውስጥ ይግቡ።
3. «ቼንጅ ሴቲንግስ ዛት አር ከረንትሊ አንአቬይለብል» የሚለውን ሰማያዊ ጽሑፍ ይጫኑ። ይህ ካልተነካ ከታች ያሉት ሳጥኖች ደብዝዘው ይቀራሉ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።
4. ሃይበርኔት ላይ ምልክት አድርገው ሴቭ ያድርጉ።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ አልፎም ሃይበርኔት ካልመጣ ፋይሉ «ሪዲውስድ» በሚባለው ትንሽ መጠን ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የሚበቃው ለፋስት ስታርትአፕ ብቻ ነው። ፓወርሲኤፍጂ /ኤች /ታይፕ ፉል ብለው ወደ ሙሉው ይመልሱት።

የዲስክ ቦታም ይዩ። ሙሉው ፋይል ሲጀመር የራሙን 40 በመቶ ያህል ይይዛል፤ 8 ጊጋ ራም ላለው 3.2 ጊጋ፣ 16 ለሆነው 6.4 ጊጋ ገደማ። ትልልቆቹ አፕዴቶች የቀድሞውን ዊንዶውስ «ዊንዶውስ.ኦልድ» በሚባል ፎልደር ስለሚያስቀምጡ 128 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ በአንድ ሌሊት ሊሞላ ይችላል። ፎልደሩን በስቶሬጅ ሴቲንግ በኩል ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ካጠፉት ወደ ቀድሞው መመለስ አይኖርም። አፕዴቱ ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጡ አይቸኩሉ።

ዊንዶውሱ «ቀላል» ተብሎ የተቆራረጠ ኮፒ ከሆነ ወይም ማሽኑን ያፈጥናል የተባለ ስክሪፕት ተነድቶበት ከሆነ ሃይበርኔቱን ያጠፋው አፕዴቱ ላይሆን ይችላል። እነዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብለው ሆነ ብለው ነው የሚያጠፉት።

ክዳኑን ስከፍት ፋኑ ይሠራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

ካፕስ ሎክን ይጫኑ። መብራቷ በርታ ከጠፋች ማሽኑ ነቅቷል፤ የተኛው ስክሪኑ ብቻ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትን እና የእንግሊዝኛውን ቢ አንድ ላይ ይጫኑ፤ አንዴ ጢጥ ብሎ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል። ስክሪኑ ከመጣ ሥራዎን ወዲያው ያስቀምጡ።

የካፕስ ሎክ መብራት ፍንክች ካላለች ማሽኑ ደርቋል። ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ያጥፉት፤ ያልተቀመጠው ይጠፋል፣ ሌላ መንገድ የለም።

ችግሩ ከአፕዴቱ ቀን ጀምሮ ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የግራፊክሱን ስም ሁለቴ ክሊክ አድርገው «ድራይቨር» በሚለው ገጽ «ሮል ባክ ድራይቨር»ን ይጫኑ። ቁልፉ ደብዝዞ ከሆነ የሚመለስበት የቀድሞ ድራይቨር አልተቀመጠም፤ ያኔ የአምራቹን ያውርዱ። ከግራፊክሱ ጋር ቺፕሴት የሚባለውንም ድራይቨር አብረው ይጫኑ። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፤ መተኛትና መንቃትን በማስተባበር ግን ትልቁ ድርሻ የእሱ ነው።

ሌሊት ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳል። ማን ነው የሚቀሰቅሰው?

መጀመሪያ ፓወርሲኤፍጂ /ላስትዌክ። መጨረሻ ላይ ያነቃውን ዕቃ ስም ያወጣል፤ ዜሮ ብሎ ባዶ የሚመልስበት ጊዜም አለ። ያኔ ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክንውን መዝገብ) ውስጥ «ዊንዶውስ ሎግስ» → «ሲስተም» ገብተው ምንጩ «ፓወር-ትራብልሹተር» የሆነውን ቁጥር 1 መዝገብ ይፈልጉ። ሞደርን ስታንድባይ ላላቸው «ከርነል-ፓወር» ስር 506 መተኛቱን፣ 507 መንቃቱን ከነምክንያቱ ይዘግባል።

ሰዓቱን ሲያነቡ ይጠንቀቁ። መዝገቡ የሚናገረው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው፤ 2፡00 ኤኤም ካለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ይህ ሰዓት ከተደጋገመ ጥፋተኛው ታውቋል፦ የዊንዶውስ አውቶማቲክ ሜንቴናንስ ሲጫን የሚመደበው በዚሁ ሰዓት ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የሰዓት ቀጠናው ፓሲፊክ ላይ እንደቀረ ከሆነ ያ «የሌሊት» ሥራ እዚህ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ እያለ ይጀምራል። ዴት ኤንድ ታይም ውስጥ ገብተው ቀጠናውን «ዩቲሲ+03፡00 ናይሮቢ» ያድርጉት፤ በዊንዶውስ ዝርዝር የእኛን ሰዓት የያዘው እሱ ነው።

ቀሰቃሾቹ ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው የሰዓት ቆጣሪ ነው። ፓወርሲኤፍጂ /ዌክታይመርስ የተቀጠሩትን ይዘረዝራል። ለማጥፋት ፓወር ኦፕሽንስ → «ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ» → «ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ» → ስሊፕ → «አላው ዌክ ታይመርስ» ገብተው «ኦን ባተሪ»ንም «ፕለግድ ኢን»ንም ዲሴብል ያድርጉ። አፕዴት ይህን ቦታ መልሶ ሊያበራው ስለሚችል ከእያንዳንዱ ትልቅ አፕዴት በኋላ ይመልከቱት።

ሁለተኛው ዕቃ ነው፤ ማውስ፣ ኪቦርድ፣ የኔትወርክ ካርድ። ፓወርሲኤፍጂ /ዲቫይስኩዌሪ ዌክ_አርምድ ብለው (በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው የታች ሰረዝ ናት) የመቀስቀስ ፈቃድ ያላቸውን ያያሉ። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዕቃውን «ፓወር ማኔጅመንት» ገጽ ከፍተው «አላው ዚስ ዲቫይስ ቱ ዌክ ዘ ኮምፒውተር» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ከኔትወርክ ካርዱ ይጀምሩ። ኪቦርዱን ይተዉት፤ እሱንም ከከለከሉ መቀስቀሻ የሚቀርዎት ማብሪያውና ክዳኑ ብቻ ነው።

ስሊፕ አድርጌ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት፤ ስደርስ ግሏል፣ ባትሪውም አልቋል።

ይህ የሞደርን ስታንድባይ በሽታ ነው። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ እስኪደርሱ ድረስ በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ፣ በተዘጋ ቦርሳ፣ ማሽኑ አፕዴት ሊያወርድ ወይም ኢሜይል ሊፈትሽ ይሞክራል። አየር የለም፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም።

እዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ላፕቶፕ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ክዳን ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲሆን ያድርግ። ኤስኤስዲ ያለው ማሽን ከሃይበርኔት ለመነሳት የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ስሊፕ የሚያተርፈው ነገር ያን ያህል አይደለም። ፓወር ኦፕሽንስ → «ቹዝ ዋት ክሎዚንግ ዘ ሊድ ዳዝ» → «ኦን ባተሪ» ስር ሃይበርኔት። ቻርጀር ላይ ሲሆን ስሊፕ ቢቆይ ችግር የለውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ክዳኑን እንደዘጉ ወዲያው ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት፤ ጽፎ እስኪጨርስና መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። በተለይ አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሚጽፍበት ሰዓት መናጥ አይወድም።

ስሊፕን መተው የማይፈልጉ ደግሞ ፓወርሲኤፍጂ /ቼንጅ ሃይበርኔት-ታይምአውት-ዲሲ 30 ይበሉ፤ ባትሪ ላይ ሆኖ 30 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሃይበርኔት እንዲሻገር ያዝዘዋል።

ባትሪውን ማን እንደበላው ለማወቅ ፓወርሲኤፍጂ /ስሊፕስተዲ አለ። ሪፖርት አዘጋጅቶ ያስቀመጠበትን ቦታ እዚያው ይጽፍልዎታል፤ በብራውዘር ይከፈታል፤ በየስሊፑ ከፍተኛውን የበሉትን ዕቃዎች በስም ይዘረዝራል። ዋይፋይ ከላይ ከተቀመጠ የዋይፋይ ድራይቨሩን ይቀይሩ። ከስልክ ሆትስፖት ጋር የሚገናኙ ከሆነ ግንኙነቱን «ሚተርድ» (ዳታው የተቆጠረ) ያድርጉት፤ አለበለዚያ ተኝቷል ያሉት ላፕቶፕ ፓኬጅዎን ሲጠጣ ሊያድር ይችላል።

አንዳንዴ ነገሩ ከሶፍትዌር ጭራሽ አይገናኝም። ክዳኑ መዘጋቱን የሚነግረው ትንሽ የማግኔት ሴንሰር ነው። ማግኔት ያለው የስልክ ቦርሳ ከኪቦርዱ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ወይም ሁለት ላፕቶፕ ሲደራረብ፣ ማሽኑ ክፍት እያለ ሊተኛ፣ ተዘግቶም ሊነቃ ይችላል።

ባትሪው የሞተ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ስሊፕ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ባትሪው ካልያዘ ስሊፕን ይርሱት፤ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ራሙ ባዶ ነው። ሃይበርኔት ይጠቀሙ። ኤስ3 ያላቸው ላፕቶፖች ሌላ ምርጫ አላቸው፦ አድቫንስድ ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕ ስር «አላው ሃይብሪድ ስሊፕ»። ሲተኛ ወደ ዲስክም ይገለብጣል፣ ራሙንም ያቆያል፤ መብራት ካልጠፋ ቶሎ ይነቃል፣ ከጠፋም ከዲስኩ ይነሳል።

ባትሪው ግማሽ ልብ ከሆነ ፓወርሲኤፍጂ /ባተሪሪፖርት ብለው «ዲዛይን ካፓሲቲ»ን ከ«ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ጋር ያወዳድሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከወረደ 15 በመቶ እያለ ድንገት መጥፋቱ አይግረምዎት። አፕዴቱን ከመውቀስ በፊት አድቫንስድ ሴቲንግ → ባተሪ → «ክሪቲካል ባተሪ ሌቭል»ን ወደ 15 ወይም 20 ከፍ ያድርጉ፣ «ክሪቲካል ባተሪ አክሽን»ንም ሃይበርኔት፤ ራሙን ለመጻፍ የሚበቃ ኃይል እንዲተርፍ።

ስሊፕ ሲገባ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ «ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር» ይላል።

አንድ ዕቃ ተኛ ሲባል ወይም ተነስ ሲባል መልስ አልሰጠም ማለት ነው። በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ነቅለው ይሞክሩ። ከቆመ አንድ በአንድ እየሰኩ ይፈልጉት። ካልቆመ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ግራፊክስ፣ በዚህ ቅደም ተከተል።

አፕዴቱን ማስወጣት እችላለሁ?

ወርሃዊውን አዎ፦ ዊንዶውስ አፕዴት → «አፕዴት ሂስትሪ» → «አንኢንስቶል አፕዴትስ»፤ በቀኑ የመጣውን ኬቢ ቁጥር (የአፕዴቱ መለያ) ይምረጡ። ትልቁን፣ ለምሳሌ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ ወደ 11 የተሻገሩበትን ዓይነት፣ ለመመለስ ያለዎት 10 ቀን ብቻ ነው፤ «ሪከቨሪ» ውስጥ «ጎ ባክ» ይላል። ካስወጡ በኋላ አፕዴቱን ለጥቂት ሳምንት ፖዝ ያድርጉት፤ ያለዚያ ነገ ተመልሶ ይጫናል። ለዘለቄታው ማጥፋት ግን የደህንነት ጥገናውንም አብሮ መጣል ስለሆነ አንመክርም።

ባዮስ አፕዴት ያስፈልጋል?

ድራይቨሮቹ ሁሉ ተስተካክለው ችግሩ ካልሄደ፣ አዎ። አምራቾች የስሊፕ ጥገናዎችን ብዙ ጊዜ በባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ነው የሚልኩት። ነገር ግን ባዮስ ሲጻፍ መሀል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ጤነኛና የሞላ፣ ቻርጀሩም የተሰካ መሆን አለበት። ባትሪው ሞቶ በሶኬት ብቻ በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ በፍጹም አይሞክሩት።

ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) ካለ ከመጀመርዎ በፊት «ሰስፔንድ» ያድርጉትና ባለ 48 አኃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ቁልፉ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ አካውንቱ የቀድሞው ባለቤት ሊሆን ይችላልና አስቀድመው ያጣሩ፤ ስክሪኑ ቁልፍ ከጠየቀ በኋላ ማጣራት አይጠቅምም።

ኡቡንቱም አብሮ ተጭኗል። ለውጥ አለው?

አለው። ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ወይም ዊንዶውሱ ሃይበርኔት ላይ እያለ የዊንዶውሱ ፓርቲሽን እንደተከፈተ ስለሚቆጠር ኡቡንቱ እንዲያነቡት እንጂ እንዲጽፉበት ላይፈቅድ ይችላል። ፋስት ስታርትአፕን ያጥፉ። ኡቡንቱ ራሱ ሃይበርኔትን ሲጫን አያበራም።

ፎርማት ይደረግ ተባልኩ። ልቀበል?

ገና ነው። ፎርማት ያደረገው ሰው ያው ዊንዶውስ፣ ያው አፕዴት፣ ያው የተሳሳተ ድራይቨር መልሶ ከጫነ በሳምንቱ ወደዚያው ይመለሳሉ፤ የሚጠፋው ፋይልዎ ብቻ ነው። ባለሙያውን «ፓወርሲኤፍጂ /ኤ ምን አለ? ባዮሱስ የትኛው ቨርዥን ነው?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ያለው ሰው ጋ ይሥሩ።

ወደ ጥገና መሄድ ያለብዎት በሌላ ምልክት ነው፦ ባትሪው አብጦ ታችፓዱ ወይም የላፕቶፑ ሆድ ከተነሳ (ያኔ ቻርጀሩን ነቅለው መጠቀም ያቁሙ)፣ በዩኤስቢ በሚነሳ ሌላ ሲስተምም ያው ችግር ከታየ፣ ወይም ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ፤ የመጨረሻው የስክሪኑ ኬብል ነው። ሲሄዱ ቻርጀሩን አብረው ይውሰዱ። አንዳንድ ሞዴሎች የማያውቁት ቻርጀር ሲሰካባቸው ይሠራሉ እንጂ ባትሪውን አይሞሉም፤ እሱም ጠዋት ሲታይ ስሊፕ ባትሪውን የበላው ይመስላል።